የወረቀቱ ጀርባ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ከጤና ጣቢያው በር፣
ጋሽ ይንገሱ ወረቀት ዘርግቶ ስም ይጽፋል በተራ ቁጥር።
«አንድ፦ ወይዘሮ ዝማም። ሁለት፦ የብሎኬት ቤቱ ልጅ።
ሦስት…» እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ፊደሉ አይዛነፍም እንጂ።
ማንም አልሾመው፣ ማንም አልከፈለው፤
ግን እሱ ያልጻፈው ሰው፣ እንዳልመጣ ነው።

ሬዲዮኑ በላስቲክ የታሰረ፣ ባትሪው በጥርስ የተነከሰ፣
ከሽሽታው መሀል የለንደንን ወሬ ቃርሞ አደረሰ።
«ሰማችሁ? ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ቀየሩ!» ይላል፤
«እንደ ሚኒባስ ረዳት፣ አንዱ ሳይወርድ ሌላው በር ላይ ይንጠለጠላል።»
ሰልፉ ይስቃል። ሳቁ ወደ ሳል ይዞራል።

«ቢሆንም…» ይላል (ይህች ቃል ምርኩዙ ናት፤
ያለሷ አይወጣም የክርክር ዳገት)፣
«ከጦርነት የወጡ ለታ፣ ቤቱ ፈርሶ ዳቦው በራሽን ሳለ፣
ሐኪም ለሁሉ ይሁን፣ ኪስ አይፈተሽ ያለ
ሕዝብ ነው ያ ሕዝብ። ዛሬ ግን ነጋዴው በጓሮ ገብቶ
አልጋውን ይለካዋል፣ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ።
ነጋዴን አልጠላም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጋዘን ጠብቄ፣
የመድኃኒት ካርቶን ቆጥሬ፣ ከአይጥ ጋር ተናንቄ፣
አውቀዋለሁ፦ ዋጋ ሲወርድ ካርቶኑ ይሰወራል፤
ወረርሽኝ ሲገባ እንደ ፋሲካ በግ ተጎትቶ ይቀርባል።»

ወይዘሮ ዝማም ጋቢዋን እየሳበች፦ «ለቀባሪው አረዱት!
የእንግሊዝን አልጋ ተውና፣ የኔን ተራ እንዳትስት!»

እኔ ከመስኮቱ ወዲያ ነኝ። ሁለት ተኩል ላይ እከፍታለሁ።
በቀኜ መደርደሪያ፣ በግራዬ ማኅተም።
ማኅተሙ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፦ «የለም»።
ሐምራዊ ቀለሙ ከአውራ ጣቴ እሁድም አይለቅም።
ፌስታሉን ከብብታቸው፣ የጤና መድኅን ደብተሩን ከፌስታሉ
አውጥተው ሲሰጡኝ፣ «ከውጭ ግዙ» እላለሁ ለሁሉ።
ውጭ ማለት አስፋልቱን ተሻግሮ ነው፤ መስታወት የለበሰው ሆስፒታል፣
አልጋ ሳያሳይ ማስያዣ የሚል።
ባለቤቱ ማን ነው? ብዬ ብጠይቅ፣ አክሲዮን ነው አሉኝ።
አክሲዮን ፊት የለው፣ ሰላም አይሉት፤
እድር የለው፣ ለቅሶ አይደርስ፤ በምን ይማጸኑት?

ትርንጎ፣ አብራኝ የተማረችው፣ ከበርሚንግሃም በድምፅ ላከችልኝ፦
«እዚህም ሰልፍ ነው፣ እቴ። አንድ ሽማግሌ ኮሪደር ላይ አሥር ሰዓት ተኛ።
ደመወዝ አነሰን ብለን ካርቶን ይዘን ደጅ ቆምን፤ እኔ ጓንቴን ረስቼ።
ግን ሽማግሌውን፣ ስንት ይዘሃል ያለው የለም።»
ሦስት ጊዜ ሰማሁት።
የሷ «የለም» እና የኔ «የለም»።
አንቺ ስትሄጂ የኛ ሰልፍ በስንት ሰው ረዘመ? ብዬ ጻፍኩ፤
አጠፋሁት።
«አይዞሽ» ብዬ ላክሁ።

ማክሰኞ ጋሽ ይንገሱ ራሱ መስኮቴ ላይ ቆመ። ቁጥር ሠላሳ አንድ፤
ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ፣ ራሱን ከሁሉ በታች ጽፎ።
የልብ ነው መድኃኒቱ። መደርደሪያውን ዞሬ አላየሁም፤ አውቀዋለሁ።
ማኅተሙን ሳነሣ ሬዲዮኑን ዘጋ።
«ቢሆንም…» አለ።
ቀሪውን አልሰማሁትም፤ ወይም ቀሪ አልነበረውም።

ረቡዕ የስም ዝርዝሩ በመስኮቱ ገባልኝ፤
የሐኪም ማዘዣ ነው፣ ገልብጦ የጻፈበት።
«አንድ፦ ወይዘሮ ዝማም…»
ፊደሉ እንደ ትናንቱ፣ አንዱም አልተዛነፈም።
ብቻ ሐምራዊው ቀለም ወረቀቱን ዘልቆ
በአራተኛውና በአምስተኛው ስም መሀል
ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል።